የዓይን ቆብ ቀዶ ጥገና ነርሶች የብቃት ፈተና በደቡብ ጎንደር፤ አንድ ትችት

የአንድ ሙያ የምስክር ወረቀት ሁለት ነገሮችን ሊመሰክር ይችላል። አንደኛው፣ ባለ ወረቀቱ የተሰጠውን ሥልጠና ጨርሶ በፈተናው ዕለት የተጠየቀውን መሥራቱን ነው። ሁለተኛው፣ ዛሬም ሆነ ነገ ወደ እርሱ የሚመጣ ሰው ተጠቅሞ ሊመለስ መቻሉን ነው። በብዙ ሙያ ሁለቱ ተቀራርበው ስለሚሄዱ ልዩነታቸው እምብዛም አይታሰብም። ልዩነቱ ጎልቶ ከሚታይባቸው ሙያዎች አንዱ፣ ትራኮማ ያስከተለውን የሽፋሽፍት መቀልበስ በቀዶ ጥገና የሚያቃኑ ነርሶች ሙያ ነው። ይህ ጽሑፍ የእነዚህን ነርሶች የብቃት ፈተና ይመረምራል፤ ምሳሌውንም የሚወስደው ከደቡብ ጎንደር ደጋ፣ ይኸውም ከደብረ ታቦር እስከ ጣራ ገዳም ግርጌ ከተዘረጋው አገር ነው። ጉዳዩ የጤና ቢመስልም ሥሩ የትምህርት ምዘና ጥያቄ ስለ ሆነ፣ መምህራንና ዕቅድ አውጪዎች እንደ ራሳቸው ጉዳይ ሊያዩት ይገባል።

ሕዝቡ የዓይን ማዝ የሚለው ትራኮማ በሕፃንነት ደጋግሞ ሲይዝ በዓይን ቆብ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳው ከዓመታት በኋላ ሲኮማተር ቆቡን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፤ ሽፋሽፍቱም ዓይንን በተከፈተና በተከደነ ቁጥር ብሌኑን ይፍቃል። ብሌኑ ቆስሎ ነጭ ጠባሳ ከያዘ በኋላ የጠፋው ብርሃን በዚህ ቀዶ ጥገና አይመለስም። ስለዚህ ሥራው ጊዜን የሚሽቀዳደም ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በመላ አገሪቱ የተካሄደው የዓይነ ስውርነትና የትራኮማ ጥናት እንዳሳየው፣ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆነ ሕፃናት መካከል ንቁ ትራኮማ የተገኘባቸው በአገር አቀፍ ደረጃ 40 ከመቶ ያህል ሲሆኑ፣ በአማራ ክልል ግን 62.6 ከመቶ ነበሩ። ሽፋሽፍታቸው የተቀለበሰባቸው አዋቂዎችም በአገር አቀፍ 3.1 ከመቶ፣ በአማራ ክልል 5.2 ከመቶ ሆነው ተገኝተዋል። ከእነዚህም የሚበዙት ሴቶች ናቸው፤ ሕፃናቱን የሚያቅፉና ከሕፃናቱ ጋር የሚያድሩ እነርሱ ናቸውና በሽታው ዘወትር ይመላለስባቸዋል። ከምድጃ ፊት ተቀምጦ በጭስ ውስጥ የሚፋቅ ዓይን ምን ያህል እንደሚያሠቃይ ለደጋ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በየቤቱ ወረንጦ የማይጠፋውም ስለዚሁ ነው።

ቀዶ ጥገናው ለነርስ የተሰጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። የዓይን ሐኪም በአብዛኛው የሚገኘው እንደ ጎንደር፣ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ባሉ ትልልቅ ከተሞች እንጂ ለስማዳ ወይም ለታች ጋይንት ገጠር በሚቀርብ ስፍራ አይደለም። ሥራው በአካባቢ ማደንዘዣ በጤና ጣቢያ ሊፈጸም ይችላል። ሙያን ወደ ሕዝቡ የማውረዱ አሳብም ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችን በአንድነት ያሠለጠነው፣ ሐኪም በሌለበት ሥራው መሠራት አለበት ከሚል መነሻ ነበር። የተቀናጀ የዓይን ሕክምና ሠራተኛ የሚባለው፣ ማለትም በጤና ጣቢያ የተለመደ ሥራውን እየሠራ በጥቂት ሳምንታት ተጨማሪ ሥልጠና የዓይን ቆብ ቀዶ ጥገና የሚያክልበት ነርስ ወይም ሌላ የጤና ባለሙያ፣ የዚያ አሳብ ልጅ ነው።

አሳቡ በጥናትም ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2004 ዶክተር ወንዱ ዓለማየሁና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት፣ በኢትዮጵያ በዓይን ሐኪሞችና በተቀናጀ የዓይን ሕክምና ሠራተኞች እጅ የተቀደዱ በሽተኞችን በዕጣ ከፋፍሎ አነጻጽሮ፣ በሽፋሽፍቱ ተመልሶ መቀልበስ ረገድ በሁለቱ መካከል ትርጉም ያለው ልዩነት አላገኘም። ይህ ለነርሶች ትልቅ ምስክርነት ነው፤ ነርስ ዓይን አይነካም ለሚሉትም በቂ መልስ ነው። ነገር ግን አንድ ጥናት የሚያረጋግጠው የጠየቀውን ብቻ ነው። የተነጻጸሩት ሥራቸው እየታየ፣ በሽተኞቻቸውም በቀጠሮ እየተመረመሩ የሠሩ ሰዎች ናቸው። የሚመለከተው በሌለበት፣ መቀሱ በደነዘዘበት፣ ከሥልጠናው አራትና አምስት ዓመት ካለፈ በኋላ ያው እጅ ያንኑ ይሠራል ማለት ከዚህ ጥናት አይወጣም። ብዙዎች ግን እንዲወጣ አድርገው ይጠቅሱታል።

አሁን ወደ ፈተናው እንምጣ። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 የዚህን ቀዶ ጥገና ሠልጣኞች የመጨረሻ ምዘና የሚመራ ጽሑፍ አውጥቷል። አሠራሩ በአጭሩ ይህ ነው፤ ሠልጣኙ በእውነተኛ በሽተኛ ላይ ሲሠራ መዛኙ አጠገቡ ሆኖ እየተመለከተ ደረጃዎቹን በተዘጋጀ ዝርዝር ላይ ምልክት ያደርጋል። በሽታውን መለየቱን፣ ንጽሕና መጠበቁን፣ ማደንዘዣውን በአግባቡ መስጠቱን፣ ምላጩን ከቆቡ ጠርዝ 3 ሚሊሜትር ያህል ርቆ አቅንቶ መሳቡን፣ ስፌቱን በትክክለኛ ስፍራና ጥብቀት ማሰሩን ያያል። የሥራ ትምህርት በብዕር ሲፈተን ለኖረበት የትምህርት ቤት ልማዳችን ይህ አሠራር ብዙ የሚያስተምር ነው። ክብ መሳል የማይችል ልጅ የክብን ትርጓሜ ጽፎ በሚያልፍበት ፈተና ላይ ያደግን ሰዎች፣ እጅን በእጅነቱ የሚፈትን ምዘና ስናይ ልናመሰግን ይገባል።

በተለይ በሽተኛን መምረጥ የፈተናው አካል መሆኑ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመና በአማራ ክልል ጥቂት ሽፋሽፍት ብቻ በተቀለበሰባቸው 1,300 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ለእንዲህ ያሉት ሰዎች በጥሩ ወረንጦ በየጊዜው መንቀል፣ ፀጉሩን ከመመለስ ባያግደውም፣ ብርሃንንና ብሌንን በመጠበቅ ረገድ ከቀዶ ጥገና ብዙ የማይርቅ መሆኑን አሳይቷል። እንግዲህ ማንን መቅደድ፣ ማንን መተው የሚለው ፍርድ ከእጅ ሙያ ያላነሰ ሙያ ነው። መለየትን እንደ ትንሽ ነገር የሚቆጥር ሰው በሊቦ ከምከም የደረሰውን ያስታውስ። ከጣራ ገዳም በታች ባለችው አዲስ ዘመንና በዙሪያዋ ሕዝቡን ይጨርስ የነበረው ትኩሳት መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው እየተባለ ሲታከም ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ካላ አዛር መሆኑ ታወቀ። ያን ሁሉ ጊዜ ሲያክሙ የነበሩት ሠራተኞች የሥራ ፈቃድ ያላቸው ነበሩ። የጎደላቸው ለዚያ በሽታ የተዘጋጀ ዓይን ነበር።

ይህን ሁሉ ካመሰገንን በኋላ ዋናውን ጉድለት እንናገር። ፈተናው የሚያበቃው ስፌቱ ታስሮ ዓይኑ በፋሻ ሲሸፈን ነው። የቀዶ ጥገናው ውጤት ግን በዚያ ሰዓት ገና አልተጀመረም። ስፌቱ የሚወጣው ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ቁስሉ ጠባሳ የሚያበጀው በወራት ነው፤ ቆቡ ቀንቶ መቅረቱ ወይም ተመልሶ መታጠፉ የሚለየው ከስድስት ወር እስከ ዓመት ነው። ምላጩ ወደ ዳር ሳይደርስ ከቆመ፣ የዳሩ ሽፋሽፍት ተመልሶ ይገባል። ስፌቱ ከላላ ቆቡ አይዞርም፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ቆቡ ወደ ውጭ ይገለበጣል ወይም ጠርዙ ይጎረባብጣል። እነዚህ በፈተናው ዕለት በእብጠትና በደም ተሸፍነው የሚያልፉ ጉድለቶች ናቸው። የጎጆ ክዳን በግንቦት አምሮ ቢታይም የሚፈተነው በሐምሌ ዝናብ ነው። ይህን የማያውቅ ክዳን ሠሪ በደጋ አይገኝም፤ የምስክር ወረቀቱን የሚሰጡ ሰዎች ግን በግንቦት ፈርመው ይሄዳሉ።

ውጤቱ ምን ያህል እንደሚለያይ የሚያሳይ አንድ ማስረጃ ከዚሁ ክልል አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በተባለው መጽሔት የታተመው የእስመዓለም ሀብታሙና የባልደረቦቹ ጥናት፣ በ1,000 በሽተኞች ላይ ሁለት የቀዶ ጥገና ስልቶችን አነጻጽሯል። አንደኛው የቆቡን ሙሉ ውፍረት ቆርጦ የሚያዞረው ስልት ነው፤ ሁለተኛው የቆቡን ውስጠኛ ድርብ ብቻ ቆርጦ የሚያዞረው ነው። ከዓመት በኋላ በመጀመሪያው ስልት ከተሠሩት 22 ከመቶ፣ በሁለተኛው ከተሠሩት 13 ከመቶ ሽፋሽፍታቸው ተመልሶ ተቀልብሶ ተገኘ። ሥራውን የሠሩት ልምድ ያላቸው ነርሶች ነበሩ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ በተሻለው ስልትና በለመደ እጅ እንኳ ከመቶ ሰው አሥራ ሦስቱ ይመለሳሉ፤ ስለዚህ የተመለሰ ሁሉ የነርሱ ጥፋት አይደለም፤ በሽታው የከፋበት ቆብ ማንም ቢሠራው ሊመለስ ይችላል። ሁለተኛ፣ የሙሉ ውፍረቱን ስልት ተምሮ የተመሰከረለት ነርስ ወረቀት፣ ከዚህ ጥናት በኋላም ከጥናቱ በፊት የነበረውን ያንኑ ይናገራል። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በኦማን የተደረጉት ንጽጽሮች ያንን ስልት አስመርጠው ነበርና የተማረው አላጠፋም። እውቀቱ ሲራመድ ወረቀቱ አብሮ የሚራመድበት መንገድ ግን በወረቀቱ ውስጥ የለም።

በዚህ ስፍራ አንድ የታሪክ ምሳሌ ብንጠቅስ ከጉዳዩ አያርቀንም። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በተባለው የሕፃናት ሆስፒታል ሠልጥነው፣ እ.ኤ.አ. በ1939 የሕፃናት ነርስ ሆነው በመንግሥት መዝገብ ተመዘገቡ፤ የአጠቃላይ ነርስነትን ትምህርት በጋይስ ሆስፒታል የተከታተሉት ከዚያ በኋላ ነው። በልዩ የነርስነት ዘርፍ የተመሰከረላቸው ኢትዮጵያዊት ሲነሡ ከፊተኞቹ አንዷ እርሳቸው መሆናቸው አያጠራጥርም። ለኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ዝናቸው ሳይሆን የተመዘገቡበት መዝገብ ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1919 የወጣው የነርሶች ምዝገባ ሕግ፣ ከአጠቃላዩ መዝገብ ሌላ ለሕመምተኛ ሕፃናት ነርሶች የተለየ ክፍል ነበረው። መዝገብ ከወረቀት የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ወረቀት በባለቤቱ ሣጥን ይቀመጣል፣ መዝገብ ግን በሌላ ሰው እጅ ያለ ስለ ሆነ ይጨመርበታል፣ ይታረማል፣ ስምም ይሰረዝበታል።

በአገራችን አጠቃላዩ የነርስነት ፈቃድ ወደዚህ አቅጣጫ ሄዷል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ሙያ ተመራቂዎች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ብሔራዊ የፈቃድ ፈተና ይወስዳሉ፤ ፈቃዳቸውን ለማደስም ቀጣይ ሙያዊ ትምህርት መከታተላቸውን ማስረዳት ይጠበቅባቸዋል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚመለከተው ነርሱን በነርስነቱ ነው። በሌላ ርእስ የሥልጠና ሰዓት አሟልቶ ፈቃዱን ያደሰ ነርስ፣ ለሦስት ዓመት አንድም የዓይን ቆብ ሳይነካ ቆይቶ በማግሥቱ ምላጭ ቢያነሣ የአጠቃላዩ ፈቃድ እድሳት አይነግረንም። በሥራ ልምድ ብዛት የሚጠበቅ እጅ ባለመሥራት ይጠፋል፤ ለዚህ ጥፋት ደግሞ ወረቀቱ ምንም ምልክት አያሳይም።

የአለመሥራቱም ነገር ተራ ግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በሰሜን ኢትዮጵያ ስለሚገኙ የዚህ ቀዶ ጥገና ሠራተኞች የወጣ ጥናት፣ ከሠለጠኑት ብዙዎቹ ሥራውን እንደተዉና የቀሩትም በዓመት የሚሠሩት አነስተኛ መሆኑን አመልክቷል። ይህ ሊያስደንቅ አይገባም። የጥቂት ሳምንታት ሥልጠና ዲግሪ አይደለም፤ ከአንድ የሥራ ደረጃ ወደ ሌላው አያሸጋግርም። ነርሱ በሌላ ትምህርት ዲፕሎማውን ወደ ዲግሪ ሲያሳድግ ከገጠር ጤና ጣቢያ ወደ ከተማ ሆስፒታል ይዛወራል፤ በሄደበት ደግሞ የዓይን ቆብ ሥራ አይጠብቀውም። እንዲህ እየሆነ ሥልጠናው በሚያፈስ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ይሆናል፤ ዕቅድ አውጪውም የእንስራውን ቀዳዳ ከመድፈን ይልቅ የቀጂውን ቁጥር ይጨምራል። አንድ መምህር ለተጨማሪ ዘርፍ ሥልጠና ሄዶ ሲመለስ ደመወዙም ድልድሉም ሳይለወጥ የቀረበትን ሁኔታ የሚያውቁ አንባብያን፣ የነርሱን ሁኔታ ለመረዳት ብዙ ቃል አያሻቸውም።

በዚህ ላይ የዘመቻው ጉዳይ አለ። ዘመቻ ቁጥር ይወዳል። በአንድ ሳምንት የተሠራ የዓይን ቆብ ብዛት ይቆጠራል፣ ወደ ዞን፣ ከዞንም ወደ ክልል ይላካል። የተመለሰው ግን የሚቆጠርበት ሰንጠረዥ ከተገኘም ከኋላ ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ ትራኮማ እንደ ሕዝብ ጤና ችግር ተወግዷል የሚባልበት መለኪያ እንኳ ለዚህ ይረዳል። መለኪያው ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት መካከል፣ ለጤና አገልግሎቱ ያልታወቁ የሽፋሽፍት መቀልበስ ሕመምተኞች ከ0.2 ከመቶ በታች መሆናቸው ነው። ያልታወቁ የሚለው ቃል እንዲጤን ያሻል። ተቀድዳ የተመለሰባት ሴት ለአገልግሎቱ የታወቀች ናት፤ ስለዚህ ከዚህ ቁጥር ትወጣለች። እርግጥ መለኪያው አዲስና ተመላሽ ሕመምተኞችን የሚያክም ሥርዓት መኖሩንም ይጠይቃል። ሆኖም በቁጥር የሚለካው የፊተኛው ስለ ሆነ የዕቅድ አውጪው ዓይን የሚያርፈው እርሱ ላይ ነው። በዚህ ስሌት በመጥፎ እጅ የተሠራ ቆብ በሪፖርት ላይ ሁለት ጊዜ ይጠቅማል፤ አንድ ጊዜ ሲሠራ፣ ሁለተኛም ሲመለስ ከዕዳው ሲሰረዝ።

ሴቲቱ ግን አትሰረዝም። ወደ ወረንጦዋ ተመልሳ በእድር፣ በጽዋ ማኅበርና በገበያ የደረሰባትን ታወራለች። በፋርጣ ወይም በእብናት አንዲት እናት ከቀዶ ጥገና በኋላ ቆቧ ተገልብጦ ቢቀር፣ በዚያ ቀበሌ ለቀዶ ጥገና የሚመጡ ሴቶች ቁጥር ቢያሽቆለቁል ምን ይደንቃል? የቀሩትን ሴቶች ስለ መሃይምነታቸው መውቀስ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን በዓይናቸው ያዩትን ማስረጃ መዝነው የወሰኑ ሰዎች ናቸው። የእነርሱ ምዘና ከመዛኙ ሰንጠረዥ የሚበልጠው ውጤቱን ጠብቆ በመፍረዱ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ። ፈተናውን ብታጠብቁት የሚያልፉ ይቀንሳሉ፤ የሚያልፉ ሲቀንሱ የሚጠብቁ ሴቶች ይታወራሉ፤ ዛሬ መካከለኛ እጅ ማግኘት ነገ መልካም እጅ ከመጠበቅ ይሻላል የሚል ነው። ይህ ክርክር ክብደት አለው፤ የሚያቀርቡትም ሕዝቡን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ሆኖም የሚመልሰው ላልተጠየቀው ነው። በሩ ላይ ያለው ፈተና ይጥበቅ አልተባለም። የተባለው፣ የመጀመሪያው ወረቀት ጊዜያዊ ይሁን፣ የመጨረሻው የሚሰጠው ነርሱ በመጀመሪያ የሠራቸው ቆቦች ከስድስት ወር በኋላ ታይተው ነው። በመካከሉ ነርሱ ሥራውን አያቆምም። የሚጨመረው አንድ መመለሻ ቀን ብቻ ነው፤ ያም ቀን ለሴቶቹ ክትትል፣ ለነርሱ ትምህርት፣ ለመዛኙ ፈተና ይሆናል። ነርሱ የራሱን ሥራ በራሱ ዓይን አይቶ ምላጩ የት እንደ ቀረ፣ የትኛው ስፌት እንደ ላላ ሲረዳ የሚማረውን ያህል በሥልጠናው ሳምንታት አይማርም። መምህራን ይህን ግብረ መልስ እንለዋለን፤ ያለ እርሱ ልምምድ ስሕተትን ማጽናት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ወጪውንም ቢሆን ማጋነን አይገባም። ሄድ ስታርት የሚባለው፣ የሰው ፊት ቅርጽ ያለውና ሊቀየር የሚችል ሰው ሠራሽ የዓይን ቆብ የተገጠመለት መለማመጃ፣ ሠልጣኙ ሕያው ሰው ከመንካቱ በፊት እጁን እንዲያሠለጥን ያስችላል፤ በኢትዮጵያም አገልግሎት ላይ ውሏል። ይህ በመግቢያው ላይ ያለውን አደጋ ይቀንሳል። ለመመለሻው ቀን ደግሞ በየቀበሌው ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሴቶቹን በስም ያውቋቸዋል፤ የማንን በር ማንኳኳት እንዳለባቸው የሚነግራቸው ዝርዝር ብቻ ያሻቸዋል።

ዝርዝሩ የሚገኘው ከቀዶ ጥገና መዝገብ ነው። የበሽተኛዋ ስምና ቀበሌ፣ የቀኝ ወይም የግራ ዓይን፣ የላይ ወይም የታች ቆብ፣ የተቀለበሰው ሽፋሽፍት ብዛት፣ የተሠራበት ስልት፣ የሠሪው ስምና ቀኑ ይጻፍበታል። የሽፋሽፍቱ ብዛት ካልተጻፈ የከፋ በሽታ የሚሠራ ነርስ ቀላሉን መርጦ ከሚሠራው ጋር በአንድ ሚዛን ይመዘንና ይበደላል፤ ስለዚህ ይህ ዓምድ እንዳይዘለል። ከሁሉ በስተቀኝ ለስድስተኛው ወር የሚሆን አንድ ዓምድ ባዶውን ይተው። ዓምዱን የሚሞላው ቀዶ ጥገናውን የሠራው ነርስ መሆን የለበትም፤ ከደብረ ታቦር ሆስፒታል የሚላክ የዓይን ነርስ ወይም ከጎረቤት ወረዳ የመጣ በሙያው የበሰለ ባልደረባ ሊሆን ይችላል፤ የአዲስ ዘመኑ የንፋስ መውጫውን፣ የንፋስ መውጫው የአዲስ ዘመኑን።